ጸሐፊነቴን የወሰደችው የአክስቴ ልጅ

ቤታችን ከበሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በየሳምንቱ አንድ ወረቀት ይለጠፋል። «ፕሮግራም» እንለዋለን። ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን ጎደሬ እንደሚልጥ፣ ማን መቼ እንደሚያጠና፣ ኳየር ያለው ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ሁሉ እዚያ ላይ አለ። አባቴ የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስለሆነ ወረቀት ካልተለጠፈ ሥራ የሚሠራ አይመስለውም። እሑድ ከቸርች መልስ ምሳ ተበልቶ ሲያልቅ ይጻፋል፣ እሱ ከታች ይፈርምበታል፣ ከዚያ ይለጠፋል። የሚጻፈው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። «እንግሊዝኛ ለፈተና ብቻ አይደለም፣ ውሃም ይቀዳበት» ይላል አባቴ። ስለዚህ በቤታችን የሚወራው ወላይትኛ፣ ከደጅ ስንወጣ አማርኛ፣ ግድግዳው ላይ ግን እንግሊዝኛ ነው።

ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። አባቴ «ጸሐፊዋ የት አለች?» ካለ እኔን ማለቱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወረቀቱን ያሳያል፤ «ልጄ ነች የጻፈችው» ይላል፤ እኔ ኩሽና ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ፤ ሰምቼ የማላውቅ መስዬ ሻይ ይዤ እገባለሁ። ያን የመሰለ ደስታ አላውቅም።

መስከረም ላይ የአባቴ እህት ልጅ ዘጠነኛ ክፍልን ሶዶ ልትማር ከተበላ ከተማ መጣች፤ ከአንድ ማዳበሪያ ሙዝ ጋር፣ በሚኒባስ። በሰባት ወር ትበልጠኛለች። በቁመት ግን እበልጣታለሁ። ይህን የምጽፈው የምበልጥበት ነገር ሁሉ እዚህ ላይ እንዲቀመጥልኝ ስለፈለግሁ ነው፤ ብዙም አይደለምና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ፈረንጅ በጎ ፈቃደኛ መምህርት እነሱ ግቢ ክፍል ተከራይታ ሁለት ዓመት ኖራለች። የአክስቴ ልጅ ያኔ ትንሽ ነበረች። አብራት ልብስ ስታጥብ፣ አብራት በቆሎ ስትፈለፍል፣ ሥራ ፈትታ ስታወራ እንግሊዝኛው እንደ ጉንፋን ያዛት። እኔ በስንት መከራ፣ በስንት ደብተር የፈለግሁትን ነገር እሷ በቆሎ እየፈለፈለች አገኘችው። ከዚህ በላይ የሚያቃጥል ነገር ካለ ንገሩኝ።

የመጣች ሰሞን አንድ እሑድ የጻፍኩትን ፕሮግራም ለአባቴ ሳቀርብ እሱ ከመፈረሙ በፊት፣ «እስቲ ለአክስትሽ ልጅ አሳዪያት» አለኝ። ሰጠኋት። ጎንበስ ብላ አነበበችና ጣቷን በየመስመሩ ማሳረፍ ጀመረች።

«ይቺ ኦን ነች። ይቺ አት። እዚህ ጋ ደግሞ ምንም አያስፈልግም።»

«ለምን?» አልኳት።

«እንጃ። ጆሮዬ እምቢ ይላል።»

ጆሮዋ እምቢ ይላል። እኔ ደብተሬ ላይ መምህራችን በሣለልን በግልብጡ ሦስት ማዕዘን፣ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ፣ የኢንን፣ የኦንንና የአትን ሕግ ከነምሳሌው ጽፌ ይዤአለሁ፤ እሷ ጆሮዋን ነው የምትጠይቀው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በአማርኛ ለጊዜ አንዷ «በ» ብቻዋን ትበቃለች። በክረምት፣ በማክሰኞ ገበያ፣ በሁለት ሰዓት፤ ሁሉንም ትሸከማለች፣ ካልፈለግን ደግሞ እሷንም እንተዋታለን። ወላይትኛ ከቃሉ ጭራ ላይ ትንሽ ድምፅ ለጥፎ ይገላገላል። እንግሊዞች ግን ለጊዜ ሦስት በር ሠርተዋል። ዓመትና ወር በኢን ይገባሉ፣ ቀን በኦን፣ ሰዓት በአት። እዚህ ድረስ ደህና። ጠዋት ግን ከወርና ከዓመት ጋር በኢን ይገባል። ሌሊትን ምን እንደበደላቸው እንጃ፣ በአት ነው። ያው ጠዋት ራሱ የሰኞ ጠዋት ከሆነ ተመልሶ በኦን ይገባል። «ባለፈው እሑድ» ከሆነ ደግሞ በር የለም፣ በቀጥታ ነው። ይህን ሁሉ በቃሌ እወጣዋለሁ። እስክሪብቶ ስይዝ ግን እጄ በሩ ላይ ይቆማል፤ የትኛውን እንደሚያንኳኳ ያመነታል። የእሷ እጅ ቆሞ አያውቅም። የተወለደበት ቤት የሚገባ ሰው እንዴት በር ይመርጣል?

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በቅናት ነው የኖርኩት። ስትጽፍ ከኋላዋ ቆሜ ስሕተት እጠብቃለሁ። አንድ እንኳ አጣሁ። አባቴ ከሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የማንን ስም እንደሚጠራ እቆጥር ነበር። እሷ አማርኛ ላይ ትሳሳታለች፤ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ታደርጋለች። እናቴን «አክስቴ ገበያ ሄደ» ስትል እኔ በሁሉ ፊት፣ «ማን? አክስትሽ ጢም አወጣች እንዴ?» አልኳት። ታናሽ እህቴ በሳቅ ወደቀች። ትበሳጫለች ብዬ ስጠብቅ እሷም ሳቀች፤ ማታ ለእናቴ ራሷ አወራችላት። የሚያናድድ ሰው እንዲህ ነው። ስትመቺው እንኳ አያመውም።

ኅዳር ሲገባ አባቴ የፈራሁትን ተናገረ። «ይህን ሳምንት ፕሮግራሙን እሷ ትጻፈው። አንቺም ትንሽ እረፊ።»

እረፊ አለኝ። ደክሞኛል ብዬ ነበር?

ጻፈችው። ቆንጆ ነበር፤ ቆንጆ መሆኑን መካድ ስለማልችል ነው የምጽፈው። አባቴ ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አነበበና፣ «ሰዓቱንም አስተካክላዋለች። እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ እየጻፍን የእኛን ሰዓት ነበር የምናስቀምጠው። ፈረንጅ ቢያነበው ጠዋት የምንነሣው እኩለ ቀን ላይ ይመስለዋል» አለ። ሳቀ። «ጠዋት ከአሥራ ሁለት መነሣት» ብዬ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ። እሷ «ስድስት» ብላ ጻፈችው፤ ትክክል ነበረች። ሁሉም ቁጥር በስድስት ዞሮ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ማንም አላስተዋለም።

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ አማርኛም ቢሆን ቀስ ብላ ነው። ቁጥር ግን ከሁላችን ትበልጣለች፤ ልብስ ሰፊ ነች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሜትር ስታነብ ነው የኖረችው። ፕሮግራሙ ላይ የሚመለከታትን መስመር እኔ አንዴ አሳያታለሁ፣ ከዚያ እሷ ቁጥሩን ብቻ ታያለች። ለእሷ ብዬ ቁጥሩን ደመቅ አድርጌ ነበር የምጽፈው። የእኛን ሰዓት የምጽፈውም ለዚያው ነበር፤ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ይህን ያኔውኑ መናገር እችል ነበር። «አባባ፣ እማዬ እኮ ቁጥሩን ነው የምታየው» ማለት። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ይውደቅ፣ አልኩ በልቤ። የእሷ ፕሮግራም ይውደቅ፤ ያኔ ጸሐፊዋ የት አለች ይባላል።

ሰኞ ዕለት የወደቀ መሰለኝ። ታናሽ እህቴ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መቅዳት የነበረባትን ውሃ ሳትቀዳ ቀረች።

«ፕሮግራሙ አምስት ሰዓት ይላል» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «አምስት ሰዓት ክፍል ውስጥ ነኝ። ታዲያ ጀሪካኑን ተሸክሜ ሒሳብ ልማር?»

የአክስቴ ልጅ እየሳቀች ስድስት መደመርና መቀነስ አስተማረቻት። «ገባሽ?» «ገባኝ።» አለቀ። እናቴ ግን ያን ሰዓት ገበያ ነበረች። የአክስቴ ልጅ ሁሉም የገባው መሰላት፤ እኔም እንዲመስላት ተውኳት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ስጽፈው እጄ ይሞቃል። የእናቴ ዓይን ከባለፈው ዓመት ጀምሮ የቅርብ ነገር ማየት እምቢ ብሏታል። መርፌ ላይ ክር የምናስገባላት እኛ ነን። በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋ ጋ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ጨርቁን አንዴ ታርቀዋለች አንዴ ታቀርበዋለች፤ አንድ ቀን የአንዱን ልጅ ሱሪ ኪስ ገልብጣ ሰፍታ እናትየዋ ይዛ ስትመጣ እናቴ ፈትታ እንደገና ሰፋችው፤ ከዚያ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ምሳ አልበላችም። ዓይኗ ሥራዋ ነው።

በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪሞች ለሦስት ቀን ብቻ ወደ ከተማችን ጤና ጣቢያ መጥተው ነበር። ሰው የሚመረመረው አስቀድሞ በተመዘገበበት ሰዓት ነው። አባቴ ሰኞ ለፊልድ ሥራ ወደ ሃላሌ ስለሄደ ምዝገባውን አደራ የሰጠው ለሥራ ባልደረባው ነበር። ማክሰኞ ሲመሻሽ ከሃላሌ ደወለ፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እናቴ ለጸሎት ቸርች ሄዳ ነበርና ስልኩን ያነሣችው የአክስቴ ልጅ ነች።

«እሺ አጎቴ… ነገ… ጠዋት ሦስት ሰዓት… እሺ፣ ፕሮግራሙ ላይ እጽፈዋለሁ።»

ጻፈችውም። ረቡዕን በኦን፣ ዘጠኝ ሰዓትን በአት፣ ጠዋትን በኢን። ሦስቱም በሮች በአንድ መስመር፣ አንዱም ሳይዛነፍ። ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ብሆን ስንቴ እሰርዝ ነበር።

እናቴ ስትመጣ የአክስቴ ልጅ ከኩሽና ሆና፣ «አክስቴ፣ የዓይን ቀጠሮሽ ነገ ነው፣ ፕሮግራሙ ላይ አለ» አለቻት። እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ግድግዳው ሄደች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ አየችና ለእኔ በወላይትኛ፣ «ዘጠኝ ሰዓት። ጥሩ ነው፣ እስከዚያ ሁለት ሱሪ እጨርሳለሁ» አለችኝ።

አጠገቧ ነበርኩ። ከእሷ አንድ ክንድ እንኳ አልርቅም ነበር።

«እሺ እማዬ» አልኩ።

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንወጣ እናቴ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር። «ከትምህርት ቤት መልስ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለችኝ። አሁንም «እሺ» አልኩ። የአክስቴ ልጅ ጫማዋን ለማሰር ወደ ኋላ ቀርታ ስለነበር አልሰማችም። ሁለት «እሺ» ነው ያልኩት። ለሰው ብናገር «ትንሽ ቃል ነች» ይለኛል።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ክፍል ነበርኩ። ባዮሎጂ ነበር። ፈቃድ ጠይቄ ወጥቼ ባጃጅ ብይዝ ለእናቴ እደርስላታለሁ እያልኩ አሰብኩ፤ ሦስት ተኩል ሲሆንም አሁንም ይደረሳል አልኩ፤ አራት ሰዓት ላይ ግን እንዲህ አልኩ አልልም፣ ምክንያቱም ማሰቡን ትቼ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሁለት ወንበር ከፊቴ ተቀምጣ መምህሩ የሚለውን ትጽፋለች። ጀርባዋን እያየሁ ቀኑ አለቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእናቴ ጋር ሄድን። ጥሩ ጫማዋን አድርጋ፣ ፀጉሯን አስተካክላ ነበር። የጤና ጣቢያው በር ላይ ዝርዝር ይዞ የተቀመጠው ሰውዬ ስሟን ፈልጎ አገኘውና፣ «እናቴ፣ እርስዎን እኮ ጠዋት ጠርተናል። ሦስቴ ተጠርተው የሉም። ነገ ሞልቷል፣ ነገ ደግሞ መጨረሻችን ነው» አላት።

«ዘጠኝ ሰዓት ተባልኩ» አለች እናቴ።

«ዘጠኝ ሰዓትማ ይኸው አሁን ነው እናቴ። የእርስዎ ሦስት ሰዓት ነበር።»

ስንመለስ ባጃጅ አልፈለገችም። በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ አንዴ ብቻ ተናገረች፤ «ደንቆሮ መሆን ጥሩ አይደለም» አለች። ራሷን ነው ደንቆሮ ያለችው። እኔ አጠገቧ እየሄድኩ።

ቤት ስንደርስ የአክስቴ ልጅ እናቴ የሆነውን ስትናገር ሰማች፣ ግድግዳውን አየች፣ ወዲያው ገባት። «የእኔ ጥፋት ነው አክስቴ። የእኔ ነው። የእሷን ሰዓት መጻፍ ነበረብኝ» እያለች አለቀሰች። አባቴ ሲደውል ስልኩን ራሷ አንሥታ ነገረችው። የእሱ ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። «ከእንግዲህ የድሮዋ ጸሐፊ ትጻፍ» አለ በመጨረሻ።

ይኸው። ሁለት ወር የለመንኩት ተሰጠኝ።

ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽም፤ ለአንዲት ቅጽበት ደስ ብሎኛል። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ወደ ክፍላችን ገብታ ልብሷን ማዳበሪያ ውስጥ መክተት ስትጀምር አየሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ነገ ተበላ እገባለሁ። በምን ፊቴ አክስቴን አያለሁ? መርፌ በያዘች ቁጥር።»

ያን ጊዜ ነው ከአፌ የወጣው። «ሰምቻታለሁ» አልኳት። «እማዬ ትናንት ፕሮግራሙን አይታ ዘጠኝ ሰዓት ስትል ሰምቻታለሁ። አጠገቧ ነበርኩ። እሺ ብያታለሁ።»

መክተቱን አቆመች። «ለምን?»

ሦስት ማዕዘኑን፣ በሩን፣ ጆሮዋን፣ ያን ሁሉ ማስረዳት አልቻልኩም። ተነሥቼ ሄጄ ለእናቴም ነገርኳት። በረንዳው ላይ ነበረች። እስክጨርስ መኪናዋን አላቆመችም። ስጨርስ እግሯን አነሣች።

«አፍሽ ታዲያ የት ነበር?»

ከወለሉ ላይ የወደቀ ክር ማንሣት ጀመርኩ።

«እኔ ደንቆሮ ነኝ ስል እንኳ፣ እዚያ መንገድ ላይ?»

«እማዬ…»

«ሂጂ ከፊቴ» አለች። ጮክ አላለችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሄድኩ፤ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ደብተሬን አወጣሁ። በአገራችን የተበላሸ ነገር ሲኖር ሰው ማመልከቻ ይጽፋል። አባቴ ከሥራ ይዞት የሚመጣውን ወሬ ስሰማ ነው ያደግሁት፤ «ማመልከቻ አስገቡ» የማይባልበት ቀን የለም። እኔም በአማርኛ ማመልከቻ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ እናቴ በእኔ ጥፋት ተራዋ ስላለፋት ይቅርታና አንድ ዕድል ስለመጠየቅ» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በታች ጭምት ሆኜ ልጽፍ ነበር፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ሁሉንም ጻፍኩት። እናቴ የእንግሊዝኛውን ቁጥር እንጂ ፊደሉን እንደማታነብ፣ የኪሱን ነገር፣ በአክስቴ ልጅ መቅናቴን፣ ሁለቱን «እሺ»፣ ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰዓቱ ሲያልፍ ማየቴን። እጄ የትም ላይ አልቆመም። የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ሳልጠይቀው ይመጣ ነበር። እንዲህ መጻፍ እንደምችል አላውቅም ነበር። አፍሬ እያለቀስኩ ደስ አለኝ፤ እንዴት ሁለቱ አብረው እንደሆኑ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት እናቴ፣ የአክስቴ ልጅና እኔ የጤና ጣቢያው በር ላይ ነበርን። እናቴ እንድመጣ አልጠራችኝም፣ አትምጪም አላለችኝም። የትናንቱ ሰውዬ ማመልከቻውን ተቀብሎ መሃሉ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደገና አነበበና ወደ ውስጥ ገባ። አንዲት ነርስ ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

«ቀናተኛዋ የትኛዋ ነች?»

እጄን አወጣሁ፤ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ለእናቴ፣ «ተመዝግቦ የሚቀር ሰው አይጠፋም። የቀረ ካለ ይገባሉ፤ ግን ቃል አልገባም፣ ይጠብቁ» አለቻት።

ጠበቅን። ሰው ይጠራል ይገባል። አራት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። ስም በተጠራና «አለሁ» በተባለ ቁጥር ልቤ ይወርዳል። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል አንዲት ሴትዮ ሦስቴ ተጠርተው የሉም ተባለ፤ ከቢጠና የሚመጡ ነበሩ አሉ። የሰው መቅረት ያስደስታል? ያን ቀን አስደስቶኛል። እናቴ ገባች።

ውጭ ስንጠብቅ የአክስቴ ልጅ፣ «ኮፒው ካለሽ አሳዪኝ» አለችኝ። ደብተሬ ላይ ረቂቁ ነበረ። ደረጃው ላይ ተቀምጣ በጉልበቷ አስደግፋ ቀስ ብላ አነበበች፤ አማርኛ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስለ እሷ የጻፍኩት ጋ ስትደርስ አንገቴን አዞርኩ።

«ይህን ሁሉ በአንድ ማታ ነው የጻፍሽው?»

«ከእራት በፊት።»

«እኔ እንዲህ መጻፍ አልችልም። በየትኛውም ቋንቋ» አለች። ደብተሩን ዘጋችና፣ «ቀናሁብሽ» አለችኝ።

እንዲሁ አለችው። ፊት ለፊት፣ ደብተሬን እየመለሰችልኝ፣ ሙዝ ግዢልኝ እንደማለት። እኔ ሁለት ወር ሙሉ በጥርሴ ነክሼ ይዤው፣ የእናቴን ዓይን ልከፍልበት የነበረውን ቃል እሷ በአንድ ትንፋሽ ተናግራ ተነሣችና በሩ ተከፍቶ እንደሆነ ልታይ ሄደች። ደስ ብሎኛል፤ ሰው ሲቀናብኝ የመጀመሪያዬ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፤ እንዲህ ቀለል አድርጋ መቅናት መቻሏም አስቀንቶኛል።

እናቴ ወጣች። አንዲት ትንሽ ወረቀት ይዛለች፤ የመነፅር ቁጥር ተጽፎባታል። ለየትኛችን እንደምትሰጥ ትንሽ አመነታችና አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ቁጥሩን ራሴ አነበዋለሁ» አለች፤ ቀድማንም ወደ መንገዱ ሄደች።